አንድ ስንዝር ፊት

የልጇ ሬሳ ባሕር ውስጥ መቅረቱን ተረድታለች፤ እሑድ ለቅሶው ሜዳ ላይ የሚቆመው ፎቶው ብቻ ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ መዳፏን ዘርግታ ከኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ለጠፈችው።

"የልጄ ፊት ከአገጩ እስከ ግንባሩ አንድ ስንዝር ነው። በልኩ አውጣልኝ።"

"እማማ፣ በስልክ ከተነሳ የሰርግ ፎቶ ጥግ ላይ ነው ቆርጬ ያወጣሁት። ከፖስት ካርድ ካለፈ ፊቱ ይበተናል።"

"ምነው፣ ጉድ ነው! ፖስት ካርድ ይዤ ደረት ልምታ? ልጄ ጫጩት ነበር እንዴ?"

ፎቶ አንሺው እንዲገባት ብሎ ምስሉን በስንዝሯ ልክ አጎላው። ዓይኑም አፍንጫውም ግራጫ ካሬ ብቻ ሆነ። እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበች። ፊቷን ሳታዞር ወደ ኋላ ሄደች፤ በሩን አለፈች፤ ባጃጅ እየጮኸባት ጠባቡን መንገድ ተሻገረች። ከማዶ ስትደርስ ቆመች።

"ና እይ!"

ፎቶ አንሺው ተከትሏት ተሻገረ። ከዚያ ሲታይ ካሬዎቹ ተሰብስበው ሸጋ የወጣት ፊት ሆነዋል። ልጁ በፎቶው ላይ ወደ ሙሽራዋ ዞሮ እንደነበር ፎቶ አንሺው ያውቃል፤ ራሱ ነው የቆረጠው። አሁን ግን ዓይኖቹ ቀጥ ብለው እናቱን ያዩ ነበር። ሊያጣራ ተመልሶ ወደ አስፋልቱ ሲገባ ፊቱ መበተን ጀመረ።

"አትቅረበው!" ብላ ክንዱን ያዘችው። "በዚሁ ልክ አትመው። አልቃሹ ሁሉ ከሜዳው ማዶ ይቆማል።"

"እርስዎስ፣ እማማ፣ አይቀርቡትም?"

ልትራመድ አንድ እግሯን አነሳች፤ ልጇን አየችውና እግሯን መልሳ ቦታው ላይ አሳረፈች።