የስጡ ድንቢጦች

አማትየዋ ለሰንበቴው ጠላ የሚሆነውን ገብስ ሰሌን ላይ አሰጡና ለምራታቸው ልምጭ አቀበሏት። "ወፍ እንዳታስጨርሺው!" ብለው ወደ ማጀት ገቡ። የምራትየዋ ዓይን ግን አጠገቧ ጋቢ ተከናንባ ከተኛችው ልጇ አልተነቀለም። ኩፍኙ ከለቀቃት ወዲህ ልጅቱ እህል አልቀመሰችም፤ የቢቸናው ክሊኒክ ድሬሰርም "ካልበላች እንጃ" ብሎ ነበር የሸኛቸው።

ድንቢጦች ከሣር ክዳኑ ወርደው ስጡን ከበቡት። አንዷ ፍሬ ለቅማ ወደ ጫጩቷ ዘለለች፤ ጫጩቷም ክንፏን እያርገፈገፈች አፏን ከፈተች። የልጅቱ እናት ልምጩን አነሳች። ይኼኔ ልጅቱ አንገቷን ከጋቢው አውጥታ ወፎቹን አየችና "እኔስ?" አለች።

ልምጩ እንደተነሳ ቀረ።

"ኧረ ስጡ አለቀ! እጅሽ ተሰብሯል?" ሲሉ አማትየዋ ከማጀት ጮኹ።

"አጥሚቱን ያምጡልኝ፣ እማማ" አለች እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ወፎቹ እንዳይበሩ ግን ቀስ ብለው ይምጡ።"