ዳክዬዎቹ ሲነሡ

ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ኩሬ ዳር ልብስ የምታጥበው ሴት ቀና ስትል፣ ጣሊያኑ መኮንን በመነጽሩ ዳክዬዎቹን ይመለከት ነበር። ዳክዬዎቹ ኩሬውን ሞልተውታል፤ ወደ ደንገሉ ግን አንዷም አልተጠጋችም። እዚያ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የተደበቀው አርበኛው ልጇ ነበር። ወፍ እንዲህ አጥብቆ የሚያይ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም ብላ ፈራች። የረጠበውን ጋቢ አንሥታ በሙሉ ኃይሏ ድንጋዩ ላይ መታችው። ዳክዬዎቹ ባንድ ጊዜ ብር ብለው ጠፉ።

«አንቺ ሴትዮ! ጌታው ከማለዳ ጀምሮ የሚያያቸውን አባረርሽበት እኮ!» አለ ከመኮንኑ ጎን የቆመው አስተርጓሚ እየሳቀ።

«ይማሩኝ ጌታዬ፣ እድፉ አልለቅ ብሎኝ ነው።»

መኮንኑ አልተቆጣም። መነጽሩን እንደገና ወደ ዓይኑ አነሣ። አሁን ኩሬው ላይ ከደንገሉ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም።