ከጆሮ ሥር

ፊቱ ያረጀ ሁሉ ከቤቱ ተወስዶ በአረጋውያን ሰፈር እንዲኖር ሲታወጅ፣ ወይዘሮ የሺመቤት በድብቅ ቀዶ ጥገና ፊታቸውን አስወጠሩ። ሐኪሙ ስፌቱን ከጆሯቸው ሥር አስነሥቶ ፀጉራቸው ውስጥ ደበቀው።

በሠርጓ ዋዜማ ልጃቸው ትብለጥ ሚዶ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ነይ ሹሩባ ልሥራሽ።»

«ራሴን ያመኛል።»

«ዓመት ሙሉ? የሙሽራ እናት ጨብራራ!»

እየሳቀች ፀጉራቸውን ወደ ላይ ሰበሰበችው። ጣቷ ጠባሳው ላይ ሲያርፍ ሳቋ ተቋረጠ። እንዲህ ያለውን ጠባሳ ፈልጎ ማጋለጥ የሙሽራው እንጀራ ነው። ነገ ደግሞ ጉልበታቸውን ስሞ ቀና ሲል ጉንጫቸውን ይስማል።

«ልትነግሪው ነው?» አሉ የሺመቤት።

ትብለጥ ፀጉራቸውን ቀስ ብላ ጆሯቸው ላይ መለሰችው፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የተሠራችውን የራሷን ሹሩባ መፍታት ጀመረች።

«የዘንድሮ ሙሽራና እናቷ ፀጉራቸውን ለቀው ነው የሚወጡት» አለች።