ሳንቲም ለዪው

ጡረታ የወጣው ሰዓት ሠሪ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞችን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ይውላል። በአንድ ዓመት ከተመቱት መካከል የትኛው ከየትኛው የማተሚያ ብረት እንደወጣ፣ ሳንቲሙ ላይ ከተቀረጸችው ሴት የፀጉር ዘለላ ብቻ ይለያል።

ሚስቱ መረራት። "እኔን ቀና ብሎ ካየኝ ዓመት አለፈው" አለቻት መንትያ እህቷን ስንቅነሽን። "የእኔን ቀሚስ ልበሺና አጠገቡ ተቀመጪ። ካልለየሽ ጥዬው ካንቺ ጋር ድሬዳዋ እሄዳለሁ።"

ስንቅነሽ ሳቋን እንደምንም ውጣ ሻይ አቀረበችለት። ሚስቲቱ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ታዳምጣለች።

"ነይ እስቲ፣ ይህችን እያት" አለ ሰውየው እንዳቀረቀረ። "የዚህችኛዋ የፀጉር ጫፍ የዓመቱን ቁጥር ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የዚያችኛዋ ግን ሩቅ ነው። ማተሚያቸው ለየቅል ነው ማለት ነው።"

"ውይ፣ እውነትህን እኮ ነው!"

አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳት። እሷም አንድ ሰዓት ሙሉ ራሷን ነቀነቀች። ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቲቱ እንባዋን ጠረገች።

በመጨረሻ ሰውየው መነጽሩን አስቀመጠ።

"ስንቅነሽ፣ ስላዳመጥሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። በይ አሁን እህትሽን ጥሪያት።"

ስንቅነሽ ክው አለች። "በምን ለየኸኝ? እናታችን እንኳ ትሳሳት ነበር!"

"ገና ሻዩን ስታቀርቢልኝ ነው ያወቅኩሽ። አንቺ በቅንድቦችሽ መሀል የብስጭት መስመር የለሽም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሷ ላይ ያተምኩት እኔ ነኝ።"