ሹሙ የላካቸው ሽማግሌዎች

ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ጦማሪ የእናቱን ቤት ያስፈረሰውን ሹም በየቀኑ ፌስቡክ ላይ በጽሑፍ ይሸነቁጠው ነበር። «ሹማችን ዛሬም የመሠረት ድንጋይ አኖሩ፤ የአምናው ድንጋይ ታናሽ ወንድም አገኘ» ብሎ በጻፈ ማግስት፣ ከእናቱና ከእህቱ ጋር የሚኖርባት የኪራይ ክፍል በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆሙ።

«ሹሙ ነው የላካችሁ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ዕርቅ የለም። ከሥልጣኑ እስኪወርድ እጽፋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«እኛ ፌስቡክ አናውቅም። የሹሙ ልጅና እህትህ ተዋደዋል፤ ለጋብቻ ልንጠይቃት ነው የመጣነው።»

እናቱ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አሉ።

«ሙሽሮቹ የሚኖሩት የት ነው?»

«በሹሙ ቪላ ነው፣ እመቤት። ሰፊ ነው።»

«ተስማምታለች በሏቸው» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ቤት ስለሌለኝ እኔም አብሬያት እገባለሁ።»