ሳትሳም

ልጇ በደም ካንሰር ከታመመች ወዲህ እናትየው ጠያቂ ወደ ቤት አታስገባም። «ለእኛ ጉንፋን የሆነው እሷን ይገድላታል» ብሏታል ሐኪሙ።

የባሏ እህት እትዬ የሺሐረግ ብርቱካን ይዘው መጡ። ደጃፉ ላይ አስነጠሳቸው። እናትየው በሩን ይዛ ቆመች።

«በሽተኛ ሳይሳም ይጠየቃል እንዴ? የወንድሜ ልጅ እኮ ናት!»

«ይቅርታ እትዬ፤ አይሆንም።»

«እግዜር ይይልሽ!» ብለው ተቀይመው ሄዱ።

በሳምንቱ ማለዳ ላይ ተመልሰው መጡ። ንዴታቸው በርዷል። አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ።

«አሁንም ትንሽ ያስለኛል። አልቀርባትም፤ ከዚሁ ሆኜ ልያት።»

እናትየው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ይግቡ እትዬ፤ ይሳሟት» አለች። «ከእንግዲህ ጉንፋን አይዛትም።»