ለወፍ የተገዛ መነጽር

ባልና ሚስቱ መነጽር ቤቱ የገቡት ረፋድ ላይ ነው። ባል «የወፍ ማያዬ» የሚለውን አሮጌ፣ ባለ አንድ ዐይን የሩቅ ማሳያ መነጽር እንደ ሕፃን አቅፏል። ሚስት ያቀፈችው ኩርፊያዋን ነው።

ሻጩ አሮጌውን ተቀብሎ ሌንሱን ጠረገ። የምስል ማጥሪያውን ቀለበት ሊያዞር ቢሞክር እምቢ አለው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደርቋል። ከተዞረ ስንት ጊዜው ነው?»

«እንጃ።»

«ወፍ አሁን እዚህ፣ አሁን እዚያ ናት። እሷን የሚከተል ሰው ይሄን ሲያዞር ነው የሚውለው። የእርስዎ ግን አንድ ርቀት ላይ ቆሞ ቀርቷል።» በመስኮቱ አሻግሮ ወደ ውጭ አመለከተ። «ከዚህ እስከዚያ ባንክ ድረስ ቢሆን ነው። ከቦታዋ የማትነሳው ምን ዓይነት ወፍ ናት?»

ባልየው ዐይኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ። ሚስቱ ግን ወፏን ያወቀቻት መሰላት።

የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳቸው ትይዩ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስታወት የለበሰ ሕንፃ አለ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ፀጉሩን የሚያስተካክልበት። እዚያ ሕንፃ ላይ፣ በእነሱው ፎቅ ልክ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ትኖራለች። ፈት ናት፤ ማታ መብራት አብርታ መጋረጃ መዝጋት ትረሳለች። ሚስት «መለሎዋ» ትላታለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሻጩ ከጠቆመው ርቀት ግማሹን ቢያክል ነው፤ የተቃጠለ ሆድ ግን ሜትር አይቆጥርም።

ሻጩ ሦስት አዳዲስ መነጽሮች ደረደረ። አንገቱ የታጠፈውን አመሰገነ።

«ቁጭ ብለው ያዩበታል። ወገብዎን አይነካዎትም።»

«ክፍል… ማለቴ ጎጆ ውስጥ ያለ ነገር ያሳያል?» አለ ባል።

«እንግዲያስ አፈ ሰፊውን ይውሰዱ። ብርሃን ይሰበስባል።»

«በመስታወት በኩልስ?»

«ወፏ ጎጆዋን መስታወት አስገጥማለች እንዴ ጋሼ?» ሻጩ ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነው።

«ስልክ ይገጠምበታል? ለቪዲዮ?»

«በዚህች መያዣ ይገጠማል። እስኪበቃዎት ይቀርጻሉ።»

«እሱን ጠቅልልልኝ» አለ ባል። ስለ ወፍ አንድም ቃል አልወጣውም።

ሚስት ፊቷ ደም መሰለ። እኔ እናቱን ተሸክሜ፣ እሱ መለሎዋን ሊቀርጽ! አለች በሆዷ።

እውነትም እናቱ እነሱው ጋ ናቸው። በሽታ ግማሽ ጎናቸውን ጥሎታል፤ ምላሳቸውም ተይዟል። በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል፣ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኙ፣ መስኮት ሥር ተኝተዋል። የምታበላቸውም የምታጥባቸውም ምራታቸው ናት። ብርድ እንዳይመታቸው በሩን ትዘጋለች፤ እንዳይደብራቸው ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለች። ጎረቤቱ «ምራት ካሉ እንዲህ ነው!» ይላል። ክንዳቸው ሲበልዝም ቀድማ ለሐኪሙ ያስረዳችው እሷ ናት፦ «የአሮጊት ቆዳ አይደል፣ ገና ሲነኩት ይበልዛል።» አሮጊቷ ግን ግትር ናቸው። ከልጃቸው እጅ ሲጎርሱ ውለው እሷ ስትገባ አፋቸውን ይገጥማሉ።

ባልም ከዚያ አልተሻለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሚስቱ ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም። ሲመጣ በረንዳ፣ ሲነሳ በረንዳ ሆኗል። ሚስት ፈራች። ወላጆቿ ሞተዋል፤ ልጅ አልወለደችም። ከዚህ ቤት ከወጣች መግቢያ የላትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አላስችል አላት።

«ማንን ነው የምታየው?»

«ወፍ።»

«ወፏ ስም የላትም?»

«ጊዜው ሲደርስ ታውቂያታለሽ» አለና እርምጃውን አፈጠነ።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት ባል ቁርስ ሳይቀምስ ተነሳ። መነጽሩን በረንዳው ላይ ተክሎ ወደ ማዶ ሕንፃ አነጣጠረው፤ ቀለበቱን ቀስ እያለ አዞረና አጠራው።

«ሰው ልቀበል ነው። እሱን እንዳትነኪው» ብሎ ወረደ።

ሚስት የአማቷን በር ዘጋች። ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ በረንዳ ወጣችና የበረንዳውን በር ከኋላዋ ገጠመችው። አንገቷን አስግጋ ወደ ታች አየች። ባሏ እግረኛ መንገዱ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር እየተጨባበጠ ነው። ከላይ የሚታየው የሴትየዋ ፀጉር ብቻ ነው፤ ጥሩ ተደርጎ ተሠርቷል። ሁለቱ ጥቂት ተነጋገሩና ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ገብተው ተሰወሩ።

«ተሻገሩ» አለች ሚስት። «ዐይኔ እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ!»

ወደ ላይ እስኪወጡ ታገሠች። ከዚያ መነጽሩን ሳታነቃንቅ ጎንበስ ብላ ዐይኗን ደገነችበት።

መጀመሪያ ጨለማ ነበር። ቆይቶ ፀሐይ የገባበት ክፍል ጠራላት። አልጋ አለ። ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ያቺው ባለ ፀጉር አጠገቡ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

ሚስት ስትጠረጥር ከርማ፣ ስታየው ግን አልቻለችም። «ቤቴ ፈረሰ» አለች፤ እንባዋም መጣ። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። መንገድ ላይ ወርዳ ልትጮህ አሰበች፤ ሄዳ ፀጉሯን ልትነጭላትም አሰበች። መጀመሪያ ግን ምንም እንዳያመልጣት ዐይኗን በመዳፏ ጠረገችና እንደገና ጎንበስ አለች።

ሴትየዋ የአማቷን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ የበለዘውን ክንድ ፎቶ ታነሳለች፤ ባሏ ከእናቱ አልጋ ላይ ቀና ብሎ፣ የገዛ ቤታቸውን በሚያንጸባርቀው የማዶ ጥቁር መስታወት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ የቆመችውን ሚስቱን ያያል።